ከጉዳይ በፊት ኸይር

አባቴ ቤት ዱዓ ሊያስደርግ የመጣ ሰው ችግሩን ቀድሞ መናገር አይችልም። ልጁ ታመመም፣ በሬው ጠፋም፣ ሚስቱ ኮብልላ እናቷ ቤት ገባችም፣ መጀመሪያ ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ያገኘውን አንድ ኸይር፣ አንድ መልካም ነገር፣ ይናገራል። አባቴ ድቤያቸውን፣ ከበሯቸውን፣ አንዴ ድም ያደርጋሉ። የተሰበሰበው ጀማ "ገለታ ረቢ!" ይላል፤ ጌታ ይመስገን ማለታችን ነው። ጉዳይ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። "እኔ እንኳ ኸይር የለኝም" ያለ እንደሆነ እስኪያገኝ ይጠበቃል። ችግር ይዞ ለመጣ ሰው ደግሞ ኸይሩ ሁሉ ከልቡ ይጠፋበታል። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያስባል፣ እኛም ጫታችንን ይዘን ቁጭ ነው።

ከሚሴ ላይ ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ወዳጃ የሚቀመጥ ቤት ሞልቷል። ሰው ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ መንዙማ ይባላል፣ ሁሉም ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንደ እኛ ቤት ሰው የሚፈተንበት ግን የለም። አንዴ ከጨፋ ሮቢት የመጣ ገበሬ ተራው ደርሶ ላቡ እስኪወርድ አሰበና፣ "ላሜ ሽንት አቅቷት ሰንብታ ነበር፤ ትናንት ሸናች" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሳቄን ልደብቅ ብዬ የሻሼን ጫፍ አፌ ውስጥ ከተትኩ። አባቴ አልሳቁም። ድቤውን ከወትሮው አጠንክረው መቱና፣ "ሽንት ቀላል ነገር መሰላችሁ? ሲታገድባችሁ ታውቁታላችሁ!" አሉ። ከዚያ ወዲህ በትንሽ ነገር የሚደሰት ሰው ሲገኝ፣ በሰፈራችን "ላሙ ሸናችለት" ይባላል።

እኔ ልጃቸው ዋናው አስፋልት ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ ልብስ እሰፋለሁ። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ያድራል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ የምንኖረው ከአባቴ ጋር ነው። ጠባዬን ከኔ ሳይሆን ከጎረቤት ብትሰሙ ይሻል ነበር፤ ቶሎ እናደዳለሁ፣ የመጣልኝንም እናገራለሁ። የአላህን ስም የማነሳው ደግሞ መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ፣ ክር ሲበጣጠስብኝ፣ ለሠርግ የተቀጠረ ቀሚስ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ያኔ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ማለቱን ማን ብሎኝ! ቀሚሱ ሲያምርና ባለቤቷ ለብሳ ስትሽከረከርበት ግን፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ "እኔ እኮ እኔ ነኝ!" እላለሁ።

አባቴ አንድ ቀን ይህን ሰምተው፣ "ኢንተላ ኮ፣" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ልብሱ ሲያምር እጅሽ ነው፣ ሲበላሽ የአላህ ቀደር ነው?"

"ታዲያ ሲያምር ምን ልበለው? አላህ ሰፍቶልኛል ልበል?"

"እጅ አልሰጠሽም?"

የስፌት መኪናዬን ረገጥኩ።

በዚህ ጉዳይ ከኔ የሚብስ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ታናሽ ወንድሜ ነው። ዐረብ አገር ከሄደ ቆየ። ወንድሜ ሲደላው አይደውልም። የኢድ ዕለት፣ መንደሩ ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "ኢድ ሙባረክ" ሲባባል፣ የኛ ስልክ ዝም ነው። አሠሪው ሲጣላው ግን ይደውላል። መኖሪያ ወረቀቱ ሲስተጓጎል ይደውላል፣ ወገቡን ሲያመው ይደውላል። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣ "አባ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ፣ እንዲህ ሆንኩ..." ይጀምራል። አባቴ እጃቸው ላይ ያለውን ሁሉ ጥለው ያዳምጡታል። "አብሽር፣ አብሽር ልጄ፣ ያልፋል" ይሉታል። ስልኩ ሲዘጋ እኔ እነሳለሁ።

"ይኼ ልጅ አባት ያለው ሲቸግረው ነው እንዴ? ውለታ ቢስ! አንቱ ደግሞ ወዳጃ ላይ ሰውን ኸይርህን ቁጠር እያሉ ያስጨንቃሉ፣ እሱን ግን አንድ ቀን 'ኸይርህስ?' ብለውት አያውቁም።"

አባቴ ሳቅ አሉና፣ "ሲቸግረው ማንን ይጥራ? አባት አለኝ ብሎ አይደል" አሉኝ።

ይህን ቃል ያኔ አልወደድኩትም። ግን አልረሳሁትም።

ከረመዳን በኋላ የአባቴ ድምፅ ይጎረንን ጀመር። ብርድ ነው አልን። ዝንጅብል በማር ሰጠናቸው፣ ጥቁር አዝሙድ ሰጠናቸው፣ የመጣ ሁሉ አንድ ነገር አዘዘ። ድምፃቸው ግን ከሳምንት ሳምንት እየሻከረ ሄደ። አባቴ ድምፃቸው ምን እንደነበረ ያልሰማ ሰው ይህን ነገር ቀላል ያደርገዋል። መንዙማ ሲያወጡ፣ አስፋልቱ ዳር የቆመ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ይሰማ ነበር። እናቴን ያገኟት በዚያ ድምፅ ነው፤ እኛን ያሳደጉን በዚያ ድምፅ ነው። እርሻቸው ትንሽ ናት፣ ማሽላዋም አንድ ዓመት ትሰጣለች አንድ ዓመት ትነሳለች፤ ድምፃቸው ግን ከድቷቸው አያውቅም ነበር። አንድ ሐሙስ ስንኙን ጀምረው ድምፃቸው መሐል ላይ ቀጥ አለ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ጀማው መቀበል አለመቀበሉ ግራ ገብቶት ተያየ። ድቤው ብቻውን ትንሽ ተመታና እሱም ቆመ።

በማግስቱ ደሴ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ብረት በመሰለ ቀጭን መሣሪያ ጉሮሯቸውን አየና ለኔም ለሳቸውም እኩል ነገረን። ድምፅ የሚያወጣው ጅማት ላይ ዕጢ በቅሏል። ተቆርጦ ይወጣል፣ ክፉ ይሁን አይሁን የሚታወቀውም ያኔ ተመርምሮ ነው። "ድምፅዎ ግን እንደ ነበረ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም፤ ጨርሶ ላይመለስም ይችላል" አለ። አባቴ አመሰገኑት። እኔ እዚያው የሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ እንባዬን አወረድኩት።

ወደ ቤት የተመለስነው በሚኒባስ ነው። ኮምቦልቻን አልፈን ሙቀቱ ሲቀበለን፣ የቦርከና ውሃ በሜዳው ላይ ሲታይ፣ አባቴ በመስኮቱ በኩል የጨፋን ሣርና ከብቱን ያያሉ። እኔ ግን በልቤ ወስኜ ነበር። ቀጠሮው ሳይደርስ ትልቅ ወዳጃ ይቀመጣል፣ ዱዓው ለሳቸው ይሆናል፣ የወሎ ሰው ሁሉ አሚን ይልላቸዋል። ገና ከሚሴ መነኻሪያ ስንወርድ ነገርኳቸው።

"ወዳጃውስ ይቀመጣል" አሉኝ በሻካራው ድምፃቸው። "የሹክር ሐድራ ነው የማደርገው። የምስጋና።"

"የምን ምስጋና?"

"አላህ እስከ ዛሬ ድረስ ላቆየልኝ ድምፅ።"

ጆሮዬን አላመንኩትም። "አባ፣ ሊወሰድብዎ ነው እኮ! ሰው እንዴት ቤቱ እየተቃጠለ 'ስላሞቀኝ' ብሎ ያመሰግናል? አንቱ ለሰው ሁሉ ይለምናሉ፣ ለጎረቤት ላም እንኳ ለምነዋል። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ለራስዎ ቢለምኑ ምን ይሆናሉ?"

"ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ" ብለውኝ ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

በግ ታረደ፣ ሐድራው ተደረገ። ቀኑ ሐሙስ አልነበረም፤ ነገር የተበላሸውም በዚህ ነው። ከኛ አጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ የዚያን ዕለት ባቲ ገበያ ውላ ነው የመጣችው። አባቴ መታመማቸውን ታውቃለች። ከባጃጅ ስትወርድ ደጃችን ላይ የጫማ ክምር አየች፣ የታረደ በግ ቆዳ አየች፣ ወንዱም ሴቱም ሲገባ አየች። በሐሙስ ቢሆን ወዳጃ ነው ትል ነበር። ሐሙስ ባልሆነ ቀን የታማሚ ቤት እንዲህ ሲሞላ፣ እኛ አገር የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዕቃዋን መሬት ጣለችና፣ "ዋይ! ዋይ አባቴ! ዋይ ያ ደግ ሰው! ሳልሰናበተው!" እያለች ደረቷን እየደቃች ገባች። እሷም ከበሩ እስከ መሐል ቤቱ አልቅሳ ከደረሰች በኋላ ቀና ስትል፣ አባቴ ፊት ለፊት ድቤያቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"ገና ነኝ" አሏት። "ቁጭ በይና ብይ።"

የሳቁ ነገር አይወራም። ሽማግሌዎቹ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እሷ ግን እንዲህ በቀላሉ የምታፍር ሴት አይደለችም፤ መሬት ላይ ዘጭ ብላ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ "በሉ ተራው የኔ ይሁን። ኸይሬ እርስዎ አለመሞትዎ ነው!" አለች። አባቴ ድቤውን መቱላት። "ገለታ ረቢ!" አለ ጀማው፤ ቤቱ ተናወጠ።

ከዚያ ተራው እየዞረ ሄደ። አንዱ አባቴ በድምፃቸው ስላስታረቁት ወንድሙ አነሳ። አንዷ ምጥ ላይ ሳለች በመስኮት የሰማችውን መንዙማ አነሳች። እያንዳንዱ ስለዚያ ድምፅ አንድ ኸይር ነበረው። ድቤው ይመታል፣ ሰው ይቀበላል። እኔ ጋ ሲደርስ አባቴ እጃቸውን ድቤው ላይ አንስተው አዩኝ። ድምፃቸውን እንደ ሬሳ እያጠብን ልንቀብረው የተቀመጥን መሰለኝ። "እኔ የለኝም!" አልኩና ተነስቼ ወጣሁ። ውጪ ቆሜ ስሰማ፣ ተራዬን ለሌላ አላሳለፉትም። ትንሽ ጠበቁኝ፣ ከዚያ ዱዓው ተዘጋ።

የቀጠሮው ቀን ደሴ ገባን። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኛ የቆላ ሰዎች ነን። እስኪጠሩን የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አንድ የዛፍ ሥር ያለች አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አባቴ የተስቢሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ነበር። ከሐድራው ወዲህ እኔና እሳቸው ከ"ምሳ ቀርቧል" ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

"ተራሽ አለ" አሉኝ ድንገት። "አልዘለልኩሽም።"

"አባ፣ አሁን እንዳይጀምሩኝ።"

ተስቢሃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። "አንቺ ኩራት መስሎሻል" አሉ፤ ድምፃቸው ጨርሶ ስለደከመ ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። "ለራሴ ያልለመንኩት ሰው በልጦብኝ፣ ጽድቅ በዝቶብኝ መስሎሻል።"

አዎ መስሎኝ ነበር። አልካድኩም።

"እናትሽ የታመመች ጊዜ ለመንኩ" አሉ። "እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። መሬት ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን ለመንኩ። ሞተች። የአላህ ነች፣ ወሰዳት፣ እሱን አልከራከርም። ግን ከቀብር ተመልሼ ድቤዬን ባነሳ እጄ እምቢ አለኝ። አልሐምዱሊላህ ለማለት አፌን ስከፍት አሸዋ የሞላው ይመስለኛል። ለሰው ግን አወጣሁት፣ ሰው ምን ያውቃል። ውስጤ ደረቅ ነበር። ብዙ ጊዜ ቆየ። አንድ ቀን አንቺ መኪናሽ ላይ ሆነሽ በጥርስሽ ክር ስትበጥሺ አየሁና፣ ልክ እናትሽን መሰልሽኝ። ያኔ ምስጋናዬ መጣ። መልሶ ሲመጣ ፈራሁ። ለራሴ ሁለተኛ አልለምንም አልኩ። ለምኜ እምቢ ቢለኝ፣ ምስጋናዬ ዳግመኛ ጠፍታ ብትቀርስ?"

ስንት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ተቀምጠው እህልና ውሃ የተካፈልኳቸውን ሰው ያን ዕለት ገና ያየኋቸው ያህል ሆንኩ። ሰውን ሁሉ ኸይርህን ቁጠር የሚሉት ስለተረፋቸው አልነበረም፤ አንዴ ምስጋና ጠፍታባቸው ስለነበረ እንደ እሳት እየጠበቋት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ያ የማልወደው ቃላቸው ትዝ አለኝ።

"አባ፣ ልጅዎ ከዐረብ አገር ሲደውል ስልኩን ያላነሱበት ቀን አለ?"

"የለም።"

"ሲቸግረው ብቻ እየደወለ፣ ሰልችቶዎት ያውቃል?"

"እንዴት ይሰለቸኛል?"

"የለመነው ሁሉስ ይሆንለታል?"

"የት ሆኖ! ዱዓ አድርጌለት ያልሆነው ይበዛል። ባለፈው እንኳ ያ አሠሪው አባረረው።"

"ታዲያ መደወሉን ተወ?"

አባቴ አዩኝ።

"ሲቸግረው ማንን ይጥራ፣ ያሉኝ አንቱ ነዎት" አልኩ። "እምቢ እየተባለ የሚደውል ልጅ አለዎት። ሌላው ቢቀር እሱን ይምሰሉ።"

የእጃቸው መዳፍ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ቀስ ብለው ገለበጡት። ለሰው ዱዓ ሲያደርጉ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃሉን አሳምረው፣ አንዱን ከአንዱ እያያያዙ ነው። ያን ቀን እጃቸው ከጉልበታቸው አልተነሳም።

"ያ ረቢ" አሉ፤ ደግመው "ያ ረቢ። ድምፄን እወደዋለሁ። ተውልኝ።"

"አሚን!" አልኩ። ጮክ ብዬ ኖሮ የበሩ ጥበቃ ዞር ብሎ አየኝ። ግድ አልሰጠኝም። ወዲያው ነርሷ ወጥታ ጠራቻቸው።

ሲወጡ ገና ማደንዘዣው አለቀቃቸውም ነበር። አልጋቸው ሥር ቆሜ ፊታቸውን ሳይ ዋልኩ። ሐኪሙ መጥቶ ዕጢው በደንብ መውጣቱን፣ እስኪፈቀድላቸው ድረስ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ፣ ሹክሹክታ እንኳ እንዳይሞክሩ ነገረኝ። ከነቁ በኋላ ነርሷ ገብታ፣ "ሽንት ሸንተዋል?" አለችኝ።

"አልሸኑም።"

"እስኪሸኑ ውሃ አጠጪያቸው። ካልሸኑ በቱቦ ማውጣት ሊያስፈልግ ነው።"

ወይ ጣጣ! ውሃ ሰጠኋቸው። ጠበቅሁ። ደግሜ ሰጠኋቸው። አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ ባሏን የምታስታምም አንዲት የየጁ ክርስቲያን ሴትዮ ነበረች፤ እሷም ከኔ እኩል ተጨንቃ "አሁንስ? አሁንስ?" ትለኛለች። ነርሷ ቱቦውን ይዛ ልትመጣ ስትል፣ አባቴ እጄን ያዝ አደረጉና ወደ ታች ጠቆሙኝ። ማሸኛውን አቀረብኩ። ከዚያ ያ ድምፅ ተሰማ። ፕላስቲኩ ላይ ሲወርድ ሰማሁት። ዓለሙ ሁሉ የሚሰማው መሰለኝ።

"ሸኑ!" ብዬ ጮህኩ። "ሸኑ! ገለታ ረቢ! አልሐምዱሊላህ!"

"እሰይ! ተመስገን!" አለች የየጁዋ ሴትዮ፤ እልል ልትል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነርሷን አይታ ተወችው። ክፍሉ ውስጥ የተኛ በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። እኔ ማሸኛውን ይዤ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ዝቅ ብዬ ሳያቸው አባቴ ዓይናቸው ተከፍቶ እያዩኝ ነው። ድምፅ አልነበራቸውም። ሌባ ጣታቸውን አነሱና የአልጋውን ብረት አንዴ፣ አንዴ ብቻ መቱት። ተራዬን እስከዚያ ድረስ ይዘውልኝ ነበር።

የምርመራው ውጤት ከጊዜ በኋላ መጣ፤ ክፉ አይደለም ተባልን። ከሚሴ ያን ዕለት ጎረቤቴ አስፋልቱ ድረስ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አንዱ ጭንቀት ከላያችን ወረደ። የድምፁ ግን ገና ነበር።

አባቴ ዝም ያሉበት ያ ጊዜ ለቤታችን ሌላ ወግ አመጣ። ድቤያቸውን አጠገባቸው አስቀመጡና በጣታቸው ይጠሩን ጀመር። አንድ መታ ሲያደርጉ ውሃ ነው፤ ሁለት ሲሆን ሶላት ደርሷል፤ በጥፍራቸው ሲያንኳኩ "ዝም በይ፣ ራሴን በጠበጥሽኝ" ማለታቸው ነው፤ ይኼ የሚበዛው ለኔ ነበር። ጎረቤቴ አጥር ማዶ ሆና ትርጉሙን ለምዳ፣ "ኧረ ውሃ ስጪያቸው አንቺ!" እያለች ትጮህብኛለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የኛ ቤት ዝምታ ግን ሰፈሩን ሁሉ ያሳተፈ ነበር።

በዚያ መሐል ወንድሜ ደወለ። አባቴ ለሶላት ወጥተው ነበር። "አባን አቅርቢልኝ፣ ዱዓ እፈልጋለሁ፣ እዚህ አንድ ነገር..." ብሎ ጀመረ። መታመማቸውን አያውቅም ነበር፤ ሰው አገር ያለ ልጅ አይጨነቅ ብለው እንዳንነግረው ከልክለውናል። እኔ ግን ጠባዬን ታውቁታላችሁ።

"አባትህ ዛሬ አፍ የለውም!" አልኩት። "ጉሮሮውን ተቆርጦ ቤት ተቀምጧል! አንተ ሲደላህ ብትደውል ኖሮ ታውቅ ነበር!" በንዴት አንቱታውንም ረሳሁት። የአባታችን ድምፅ ላይመለስ እንደሚችልም ጨምሬ ነገርኩት። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳይደውል ቀረ። ተቀይሞ ነው አልኩ፤ ይቀየም አልኩ፤ ማታ ማታ ግን ስልኩን አያለሁ።

ሐኪሙ የፈቀደበት ቀን ደረሰ። ደሴ ሄደን ጉሮሯቸውን አየና፣ "ቁስሉ ደርቋል፤ ቀስ ብለው ይሞክሩት" አላቸው። አባቴ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ግን አልሞከሩም። ቤት ገባን፣ አልሞከሩም። በማግስቱም በድቤው ጠሩኝ። "አባ፣ ተፈቅዶልዎታል እኮ" ስላቸው ፈገግ ብለው አንዴ ይመታሉ፤ ውሃ። ሰው እየመጣ "እስቲ አንዲት ቃል" ይላቸዋል፤ እሳቸው ጥፍራቸውን ድቤው ላይ ያንኳኳሉ። ለምነው ነበርና መልሱን መስማት ፈሩ። አፋቸውን ከፍተው ባዶ ትንፋሽ ቢወጣስ? እኔም እንደ ወትሮዬ አልጮህኩባቸውም፤ ፍርሃታቸውን አውቀዋለሁ። ውሃውን ሰጥቼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከመኪናዬ ላይ ያነሳሁትን ቀሚስ ጫፉን በእጄ እየጠቀምኩ፣ እሳቸው ደጃፉ ላይ ከድቤያቸው ጋር ተቀምጠው፣ ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

"አካም ጅርታ" አለኝ። ደህና ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

"ምን ቸገረህ ደግሞ?" አልኩት።

"ምንም።"

"ምንም ማለት? አሠሪህ ነው? ወገብህ ነው?"

"ወላሂ ምንም። ሁሉም ደህና ነው። ሥራም አለ፣ ጤናም አለ። ያን ቀን ከነገርሽኝ ጀምሮ ለመደወል አፈርኩ። እንዲያው የአባን ድምፅ ልስማ ብዬ ነው። ከሌለም... ከሌለም ችግር የለም፤ ስልኩን አጠገባቸው አድርጊው፣ ሲተነፍሱ እሰማለሁ።"

ስልኩን ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጌ፣ "አባ፣ ልጅዎ ነው። ምንም አልቸገረውም። ድምፅዎን ልስማ ብሎ ነው የደወለው" አልኩና ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው።

አባቴ ስልኩን አዩ። እኔን አዩ። ምራቃቸውን ሲውጡ ጉሮሯቸው ላይ ያለው ጅማት ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። መርፌዬን ጨርቁ ላይ እንደሰካሁ እጄ ቀረ። አፋቸውን ከፈቱ፤ መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ዘጉት። ደግመው ከፈቱት።

"ወዬ" አሉ። "ወዬ፣ ልጄ።"

የድሮው አልነበረም። ሰንብቶ እንደተከፈተ በር ሻክሮ፣ ዝቅ ብሎ፣ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ነው የወጣው። ግን ድምፅ ነው። የአባቴ ድምፅ ነው። ስልኩ ውስጥ ወንድሜ ሲያለቅስ ይሰማል።

"ኸይርህን ንገረኝ" አሉት በዚያ በሻከረው ድምፃቸው።

"ሰማሁህ፣ አባ" አለ ወንድሜ፤ እሱም አንቱታውን ረስቶ። "ሰማሁህ። ሌላ የለኝም።"

አባቴ ድቤያቸውን በእግራቸው ወደሳቸው ሳብ አደረጉና፣ ከሕመማቸው በፊት እንደሚያደርጉት፣ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው አንዴ መቱት። የአስፋልቱ ድምፅ ሁሉ በዚያ ምት ተዋጠ። ጎረቤቴ አጥር ማዶ ብድግ ስትል ተሰማኝ።

"ምነው? ምን ተገኘ?" ብላ ጮኸች።

"ወንድሜ ደወለ!" አልኳት።

"ደግሞ ምን ቸገረው?"

"ምንም!" አልኩ፤ ድምፄ እየተሰበረ፣ አጥሩን አልፎ እንዲሰማት ደግሜ ጮህኩ። "ምንም አልቸገረውም!"